ከበሩ እስከ ስልኩ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘንብላ በመስታወቱ በኩል እስከ ምንጣፉ መሀል ገብታለች፣ ታች ሠራተኞቹ እብነ በረዱን ከግድግዳ እየነቀሉ ነው፣ የመዶሻው ምት ሀያ አንድ ፎቅ ወጥቶ ጀርባዬ ድረስ ይሰማኛል፤ ግን የመዶሻው ነገር አይደለም፣ እኔ በመዶሻም በመኪና ጡሩምባም መሀል ተኝቼ የማውቅ የሌሊት ዘበኛ ነኝ፣ እዚህ ናሪማን ፖይንት በሚሉት የባንኮች ሰፈር ቀን መተኛትን እንደ ሙያ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዓይኔ አልከደን ያለው አጠገቤ ሰው ስለተኛ ነው። ሚስቴ ናት፣ ጋውራ። ታንኮራፋለች። እንደምታንኮራፋ አላውቅም ነበር። ድሮም ታንኮራፋ ነበር? ድሮ የምለው የትኛውን እንደሆነም እንጃ፤ በሀያ ስምንት ዓመት ውስጥ አገሬ ኔፓል የገባሁት አሥር ጊዜ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ ገብቼም ክዳን ስጠግን፣ ለቅሶ ስደርስ፣ አጥር ሳጥር ቀኑ ያልቅና ሻንጣዬን እይዛለሁ። ሚስቴ ስትተኛ ምን እንደምትመስል በቅጡ ሳላይ ጸጉሯ ሸበተ። አሁን አፏን በትንሹ ከፍታ፣ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ፣ በሕይወቷ አይታው በማታውቀው ወፍራም ምንጣፍ ላይ ትተኛለች፣ እኔ ደግሞ እንዳልቀሰቅሳት ትንፋሼን እየያዝኩ ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረውን ነጣ ያለ ቦታ አያለሁ።

ይህ ክፍል የባንኩ ሊቀ መንበር ቢሮ ነበር። ባንኩ የዛሬ አራት ዓመት ወደ ባንድራ፣ ወደ አዲሶቹ የመስታወት ሕንፃዎች ሄደ፤ ሁሉም ባንክ ወደዚያ ነው የሚሄደው፣ ይህ ሰፈር ከባሕር ላይ ተደልድሎ ሲሠራ የከተማው ገንዘብ ሁሉ እዚህ ነበር ይላሉ፣ አሁን ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ መንገዱ ሳሳ ብሏል። ዕቃው አራት ቀን ተጫነ። ወንበሩን ጫኑ፣ ካዝናውን በክሬን አወረዱ፣ በማሰሮ የተተከሉትን አበቦች ሳይቀር ቆጥረው ወሰዱ። ምንጣፉንና እኔን ተዉን። ሕንፃውን የገዙት ሰዎች ለሀብታሞች መኖሪያ ሊያደርጉት ነው፤ ፈቃዱ እስኪወጣ ግን ሰው መኖር አለበት፣ መብራት የሚያበራ፣ ውሃው ቧንቧ ውስጥ እንዳይበሰብስ በየፎቁ እየዞረ የሚከፍት። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሀያ ሁለት ፎቅ ውስጥ ሌሊት ብቻዬን ሆኜ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ውሃው ቀይ ሆኖ ይመጣል፣ ቆይቶ ይጠራል፣ እዘጋለሁ፣ ወደሚቀጥለው እወጣለሁ።

ባሃዱር ይሉኛል። ስሜ ዳምበር ነው፤ ግን በዚህ ከተማ ከኔፓል መጥቶ በር የሚጠብቅ ሁሉ ባሃዱር ነው፣ የጎረቤቱ ሕንፃ ዘበኛም ባሃዱር፣ ማዶ ያለውም ባሃዱር፣ አንድ ሰው ሲጣራ ሦስታችንም ዞር እንላለን። አዲሶቹ ባለቤቶች ደግሞ ስልክ ሰጡኝ፣ በየሰዓቱ ፊቴን ፎቶ እያነሳሁ እንድልክ፣ እንዳልተኛሁ እንዲያውቁ። ስልኩ ጨለማ ውስጥ ፊቴን አይለየውም። «ፊቱ አልታወቀም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይለኛል። መብራት ሥር እቆማለሁ፣ ቆቤን አወልቃለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ «አልታወቀም»። ቋንቋዬን የሚናገር ሰው በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ከዚያ ማሽን ጋር ነበር የምጨቃጨቀው። ዳምበር እኮ ነኝ እለዋለሁ። ዳምበር ሳውድ። ከኔፓል፣ ከአቻም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሕንፃው ኃላፊ ካማት መጣ። ደህና ሰው ነው፣ ሲያፍር ሰዓቱን ያያል። ሰዓቱን እያየ፣ «ባሃዱር፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ካሜራ ነው የሚጠብቀው» አለኝ። «ካሜራው ቧንቧ ይከፍታል ጌታዬ?» አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። «አንተም እኮ አርጅተሃል፣ አገርህ ግባና እረፍ» አለኝ። ልክ ነው፤ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይጮሃል፣ አገሬ መግባት አለብኝ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ስጠብቀው ነበር? ያን ዕለት ጣራው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ጥሩ የሚይዘው እዚያ ነው፣ ደወልኩላት።

«የታርካ እናት፣ ልመጣ ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሁልጊዜ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አለሁ» አለች፤ ከዚያ፣ «የት ትተኛለህ?» አለችኝ።

ክፋት አልነበረበትም። ለእንግዳ የሚባል ነገር ነው፣ አልጋ የሚያዘጋጅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ እኔ በላክሁት ነው የተሠራው፣ በአንዱ ልጃችን ታርካ ከነሚስቱ ይተኛል፣ በሌላው እሷ ከልጅ ልጃችን ጋር። ጣራው ላይ ቆሜ ያንን ቤት በሐሳቤ ዞርኩት፣ ከበሩ ገባሁ፣ ምድጃውን አለፍኩ፣ እኔ የምተኛበት ቦታ አጣሁ። «በረንዳ ላይ እተኛለሁ» አልኳት። «ብርድ ነው» አለች። ሁለታችንም ስለ ብርዱ አወራን፣ ዘንድሮ በረዶው እንደዘገየ፣ ፍየሏ እንደወለደች፣ ከዚያ ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ። ሦስት ቀን ሙሉ «የት ትተኛለህ» እያልኩ በየፎቁ ቧንቧ ስከፍት ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች፤ ጋውራ ደውላ አታውቅም፣ የምደውለው እኔ ነኝ።

«አትምጣ» አለችኝ። «እኔ ነኝ የምመጣው። ሕንፃው ሳይፈርስ ማየት እፈልጋለሁ።»

«አይፈርስም እኮ፣ ውስጡ ብቻ ነው የሚቀየረው።»

«እኔም ማየት የምፈልገው ውስጡን ነው።»

ዛሬ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ጋውራ የመጣችው ከመንደራችን ለሥራ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ነው፣ እስከ ዴልሂ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ሁለት ቀን በመንገድ ላይ። ሰው ከፉርጎው እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ እኔ አንገቴን እያሰገግሁ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ቀይ ሻሽ ያሰረች ልጅ እግር ሴት እየፈለግሁ ነው፣ ለምን ልጅ እግር? አንዲት አሮጊት ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፣ አንድ ጊዜ አለፍኳት፣ ተመልሼ አለፍኳት። በሦስተኛው፣ «ሰውዬ፣ ሚስት ጠፍታብህ ነው?» አለችኝ። ድምፁ ነው የነገረኝ። ስልክ ውስጥ የማውቀው ድምፅ ከማላውቀው አፍ ወጣ። ጆንያውን አነሳሁ፣ ቅቤ፣ ጥቁር አኩሪ አተርና የደረቀ የሳማ ቅጠል ይዛልኛለች፣ እኔ ምን ይዤ ነበር የሄድኩት? ምንም። ሕንፃው ሥር ሻይ የሚሸጠው ላልጂ አብረን ስንመጣ አይቶ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «ባሃዱር! ሚስት አለህ እንዴ? እኛ እኮ ከሕንፃው ጋር የተጋባህ መስሎን ነበር!» ቋንቋውን የማትሰማው ጋውራ፣ «ምን አለ?» አለችኝ። ነገርኳት። «በለው፣ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ» አለች፣ ስተረጉምለት ላልጂ እስኪያስለው ሳቀና ሻዩን በነፃ ሰጣት። እሷ አልሳቀችም።

የምሳ ሰዓት ነበር፣ ሠራተኞቹ ውጭ ጥላ ሥር ወጥተዋል፣ አዳራሹ አቧራና ፀጥታ ብቻ ነው። ላሳያት ፈለግሁ። ይህ የገንዘብ ያዦቹ ረድፍ ነበር አልኳት፣ ይህ ጣራ ወርቅማ ነበር፣ በበዓል ሰሞን መብራቱ እስከ ባሕሩ ይታይ ነበር እላለሁ፣ የማወራው የማይገባኝን ነገር ነው፣ እንደ ባለቤት ነው የማወራው። ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረችው። «በሩ ላይ ነበር የምትቆመው?» አለችኝ። አዎ፣ ያኔ የቀን በረኛ ነበርኩ፣ ነጭ ጓንትና የናስ ቁልፍ ያለው ኮት። «ስልኩስ የት ነበር?»

ስልኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ማሰብ አለብኝ፣ አለዚያ እንደ ሁልጊዜው እዘልለዋለሁ። ከታርካ በፊት ልጅ ነበረችን። ጁንኪሪ። አላየኋትም። እናቷ አርግዛ ትቻት መጣሁ፣ ተወለደች ብለው ነገሩኝ፣ ለበሩ ሰዎች ሁሉ ጣፋጭ ገዝቼ አደልኩ፣ ዓመት ሳይሞላት ትኩሳት ያዛት። አባቴ የመንደሩ አዋቂ ይበቃታል አለ። ጋውራ ሆስፒታል ልውሰዳት አለች። «ባልሽ ከፈቀደ» አላት አባቴ። ስለዚህ ልጇን ለእናቴ ትታ ሦስት ሰዓት ተራራ ወርዳ ገበያው ውስጥ ካለው ስልክ ቤት ወደ ባንኩ ደወለች። ስልክ የምታገናኘው ሚስ ሎቦ ናት፣ የጎዋ ሴት፣ ደግ። ጠረጴዛዋ አዳራሹ ውስጥ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ የሊቀ መንበሩ መኪና ቆሟል፣ እየወረደ ነው፣ ሕጉ እጁ በሩን ሳይነካው በሩ መከፈት አለበት ነው። ሚስ ሎቦ፣ «ባሃዱር፣ ከአገርህ ነው!» ትላለች። እሰማታለሁ። «ባሃዱር! ሚስትህ ናት!» ሊቀ መንበሩ ደጃፉ ላይ ከአንድ እንግዳ ጋር ቆሞ ይስቃል፣ እኔ በአንድ እጄ በሩን ይዣለሁ፣ በሌላው፣ ነጭ ጓንት ባለው፣ ለሚስ ሎቦ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ቆይ። ሊቀ መንበሩ ሳቁን ጨርሶ ገባ፣ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ሄድኩ፣ መስመሩ ተቋርጧል። ሥራ እስኪያልቅ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆምኩ። አልተደወለም። በአራተኛው ቀን የደወለው አጎቴ ነበር። ሚስ ሎቦ ወንበር አመጣችልኝ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ለቀብርም አልሄድኩም፣ ተቀብራለች አሉኝ፤ ከሄድኩ በሩን ለሌላ ይሰጡታል ብዬ ፈራሁ። ከዓመት በኋላ ስገባ ጋውራ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። «አላገኙህም?» «አላገኙኝም» አልኳት። ሀያ ሦስት ዓመት ሆነው።

ዛሬ ስልኩ የት ነበር ስትለኝ «እዚህ ነበር» አልኳት፣ ወለሉ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ አለ፣ የጠረጴዛው እግር የታሰረበት። አየችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች፣ የቆምኩበት ቦታ ላይ ልክ፣ ማንም ሳያሳያት። መራመድ ጀመረች። አቧራው ላይ የጫማዋ ዳና ይቀራል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔጋ ስትደርስ፣ «አሥራ ሁለት» አለች። ተመልሳ እንደገና ቆጠረች። አሥራ ሁለት። «ያንተ እግር ረጅም ነው» አለች፣ «ላንተ አሥር ይሆናል።»

መናገር ነበረብኝ፣ ያኔ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም። «ሰምቻለሁ» አልኳት። «ሚስትህ ናት ሲሉኝ ሰምቻለሁ። አላገኙኝም ያልኩሽ ውሸት ነው። እጄን አንስቼ ቆይ ብያለሁ።»

የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። «ለማን ነው እጅህን ያነሳኸው?»

«ለስልክ ሠራተኛዋ።»

«ለእኔ ነው» አለች።

ጮክ አላለችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሩቅ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሲጠሩህ ላይኛው ፎቅ ነበርክ፣ ወይ ውጭ ነበርክ፣ ወይ እኔ የማላውቀው ቦታ ተልከህ ነበር ብዬ ነው የኖርኩት። ይህን ያህል ትልቅ ነው ይሉኝ የለ ሕንፃውን? ሩቅ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩህ።» የሠራተኞቹ ሳቅ ከውጭ ይመጣል፣ ሰው የምሳ ዕቃ ያጥባል። መሬት መሬት እያየሁ ነው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አወጣች። «ስልኩ ሲቋረጥ ጂፕ ነበር፣ ገበያው ውስጥ። ሾፌሩ ስልክ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰምቶኛል። ልጅቷን አምጪያት፣ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወጥቼ እጠብቅሻለሁ፣ ሆስፒታል ላድርሳችሁ፣ ሂሳብም አልፈልግም አለኝ። ባሌ ሳይፈቅድ አይሆንም፣ ቆይ፣ ተመልሶ ይደውል ይሆናል አልኩት። እስኪመሽ ጠበቀኝ ሰውየው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።» አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። «እኔም ቆይ ብያለሁ።»

ጥፋቱ የአንቺ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ይህን ለማለት እኔ ማን ነኝ? እሷም የአንተ አይደለም አላለችኝም። ሠራተኞቹ ሲመለሱ በዕቃ ማንሻው ወደዚህ አመጣኋት። መስታወቱ ጋ ቆመች፣ ባሕር አይታ አታውቅም። «ይህ ሁሉ ውሃ!» አለች፣ «እኛ ለአንድ እንስራ ሁለት ሰዓት እየሄድን።» ከዚያ ምንጣፉ ላይ ጋደም አለችና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፣ ሸክም አውርዶ እንደተኛ ሰው ነው ልበል? አላውቅም። ምናልባት መንገዱ ነው። ምናልባት ስትነሳ ጆንያዋን ይዛ፣ ያየሁትን አየሁ ብላ፣ ብቻዋን ትሄዳለች፣ እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ከዚያ የሆነ ሌላ በር እፈልጋለሁ፣ ለአንድ ዘበኛ በዚህ ከተማ በር አይጠፋም። እንዲህ እያሰብኩ ነው የተገላበጥኩት። ሀያ ሦስት ዓመት ስለ አንድ እጅ ሳስብ ኖርኩ፣ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ሊቀ መንበሩ ሳቅ፣ ስለ ራሴ፤ ስለ ልጅቷ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ፎቶ የላትም። ወደ አገሬ ስገባ ማንም ስሟን አይጠራም፣ እኔን እንዳይከፋኝ ይሆናል፣ እኔም እነሱን እንዳይከፋቸው። ዓይኗ ትልቅ ይሁን ትንሽ የማላውቅ አባት ነኝ።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ደርሳለች። ሳትዞር፣ «አልተኛህም?» አለችኝ።

«አልተኛሁም።»

ባሕሩ ላይ አንድ መርከብ ቆሟል፣ የቆመ ይመስላል እንጂ ይሄዳል። «ምን ትመስል ነበር?» አልኳት።

ማንን ብላ አልጠየቀችኝም። ቁጭ አለች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እግሯን ዘረጋች።

«ጸጉር አልነበራትም» አለች። «እናትህ በየቀኑ የሰናፍጭ ዘይት ትቀባት ነበር፣ ወይ ፍንክች። ጆሮዋ ያንተ ነው፣ እንዲህ ወደ ውጭ የወጣ። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ መጀመሪያ ጊዜ ሳያት ያመማት መስሎኝ ነበር።» ፈገግ አለች፣ ለእኔ አልነበረም። «አንድ ቃል ታውቅ ነበር። ባ ትል ነበር፣ አባት ለማለት። ዶሮዋንም ባ፣ ጨረቃንም ባ፣ ምጣዱንም ባ። ሰዎቹ ይስቁባት ነበር። እኔ ግን አባቷን ነው እያልኩ እከራከር ነበር።»

«ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላውን ባቡር ላይ እነግርሃለሁ። ሁለት ቀን መንገድ ነው አይደል?»

«ሁለት ቀን ነው» አልኩ። «ይበቃል?»

«አሥራ አንድ ወር ነው የኖረችው» አለች ጋውራ። «ይበቃል።»